መርዝ በነካው መሬት ሥር ያለውን ውኃ ስለ መመርመር

ለተባይ ማጥፊያ የሚሆን መርዝ ከአንድ መጋዘን ተከማችቶ ብዙ ዘመን ሲቀመጥ፥ በርሜሉ ይዝጋል፥ ከረጢቱ ይቀደዳል፤ የመጋዘኑ ወለል አፈር ከሆነ ደግሞ የፈሰሰው ሁሉ ወደ ምድር ይሰርጋል። በአገራችንም አንበጣን፣ ተምችንና የወባን ትንኝ ለመከላከል ከውጭ አገር ከመጣው መድኃኒት ብዙው ጊዜው እያለፈበት በየስፍራው ቀርቶ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ረዳትነት በተጀመረው ሥራ 1,500 ቶን ያህሉ ተሰብስቦ ወደ ፊንላንድ ተልኮ፥ በዚያ ለዚሁ በተሠራ ምድጃ ተቃጥሏል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም በርሜሉ ሲነሣ መሬቱ የጠጣው መርዝ እዚያው ይቀራል፤ ከመሬቱም በታች ውኃ አለ፥ ያንን ውኃ የሚጠጣ ሕዝብና ከብትም አለ።

ስለዚህ እንዲህ ያለ መጋዘን የነበረበትን አገር እንዲያስተዳድር የተሾመ ሁሉ፥ እንዲህም ያለ መሬት በእጁ የሚገኝ ባለይዞታ፥ ከምድር በታች ያለው ውኃ እንደ ምን እንደሚመረመር አካሄዱን ሊያውቅ ይገባዋል። «ይህ የኬሚስት ሥራ ነው፥ እኛን አያገባንም» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ኬሚስቱ የሚያውቀው ግን በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ጠርሙሱ ከየትኛው ጕድጓድ እንደ ተሞላ፥ ማን እንደ ቀዳው፥ ስንት ቀን በፀሐይ እንደ ተጓዘ፥ አስቀድሞም ምን ተይዞበት እንደ ነበረ የሚያውቀው በስፍራው ያለው ሹም ነው። ምርመራም የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በጕድጓዱ አፍና በመንገድ ላይ ነው።

የነገሩን ክብደት ለማስረዳት በአሜሪካ አገር፥ በኒውዮርክ ግዛት ባለችው በሎንግ አይላንድ ደሴት የደረሰውን እንናገራለን። በደሴቲቱ ምሥራቅ፥ ሳፎክ በሚባለው አውራጃ፥ ገበሬዎች ብዙ ድንች ያለሙ ነበር። ከ1975 ዓ.ም. ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) የድንቹን ጥንዚዛ ለማጥፋት አልዲካርብ የሚባል መድኃኒት በእርሻቸው ላይ ማድረግ ጀመሩ። መድኃኒቱ በአፈር ውስጥ ፈጥኖ ይፈርሳል፥ ከጕድጓድ ውኃም አይደርስም ተብሎ ይታመን ነበር። በ1979 ዓ.ም. የጕድጓዶቹ ውኃ ሲመረመር ግን መርዙ በውኃው ውስጥ ተገኘ። ከዚያም ከ8,000 የሚበልጡ ጕድጓዶች ተመርምረው፥ ከ1,000 በሚበልጡት ውስጥ መርዙ ግዛቱ ከወሰነው መጠን፥ ማለት በአንድ ሊትር ውኃ ከ7 ማይክሮግራም በላይ ሆኖ ተገኘ። መሬቱ አሸዋ ነበረ፤ ውኃው ከላይኛው ምድር ቅርብ ነበረ፤ ቀዝቃዛና ኮምጣጣም ስለ ሆነ መርዙ ቶሎ አልፈረሰበትም። በ1980 ዓ.ም. መድኃኒቱ በደሴቲቱ ላይ መሸጡ ቀረ። ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ በተደረገው ምርመራ ግን ቅሪቱ ገና በውኃው ውስጥ ይገኝ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ቍጥር ልብ ሊባል ይገባል። መጠኑ ያለፈባቸው ጕድጓዶች ከሰባት ወይም ከስምንት አንድ ያህል ነበሩ። እንግዲህ በሳፎክ አንዲት ጕድጓድ ብቻ መርምሮ የሚመለስ ሰው፥ «ውኃው ንጹሕ ነው» ብሎ የሚመለስበት ዕድል እጅግ ይበልጥ ነበር፤ የተናገረውም ስለዚያች ጕድጓድ እውነት፥ ስለ አውራጃው ግን ሐሰት በሆነ ነበር። በአንድ ጠርሙስ ውኃ ስለ አንድ አገር መፍረድ እንደማይገባ ከዚህ ይታያል። ውኃው ደግሞ ቀለሙ አልተለወጠም፤ የጠጣውም ሰው በጣዕሙ ሊያውቀው አልቻለም።

ከምድር በታች ያለ ውኃ እንደ ወንዝ አይሮጥም። በአሸዋና በጠጠር መካከል፥ ወይም በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ፥ ቀስ ብሎ ከፍ ካለው ወደ ዝቅተኛው ይሄዳል። ሄንሪ ዳርሲ የሚባል የፈረንሳይ መሐንዲስ በ1856 ዓ.ም. ስለ ዲዦን ከተማ የመጠጥ ውኃ ባሳተመው መጽሐፍ፥ ውኃ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፍበት መጠን በሁለቱ ጫፍ ባለው የውኃ ከፍታ ልዩነት ልክ እንደሚጨምር፥ በመንገዱም ርዝመት ልክ እንደሚቀንስ በሙከራ አሳይቷል። የዛሬዎቹም ባለሙያዎች የውኃውን ፍጥነት የሚያሰሉት በዚሁ ደንብ ነው። ምሳሌ እንስጥ፤ ውኃው በቀን 10 ሳንቲም ሜትር የሚሄድ ቢሆን፥ በዓመት 36 ሜትር ተኩል ይጓዛል። ከመጋዘኑ 365 ሜትር ርቆ ካለው የመንደር ጕድጓድ የሚደርሰው በአሥር ዓመት ነው ማለት ነው። መርዙም በአፈሩ እየተያዘ ስለሚዘገይ ከዚያ የበለጠ ሊቈይ ይችላል። በርሜሉ ሲፈስ የነበረው ሹም በዚያን ጊዜ ተሽሮ ወይም ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ይሆናል፤ ውኃው ግን መንገዱን ይቀጥላል። ስለዚህ ዛሬ የመንደሩ ጕድጓድ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ፥ መርዙ ገና በመንገድ ላይ እንደ ሆነ የሚታወቀው በመጋዘኑና በመንደሩ መካከል ሌላ ጕድጓድ ሲቈፈር ነው።

እንዲህ ላለው ምርመራ የሚቈፈረው ጕድጓድ ከመጠጥ ጕድጓድ የተለየ ነው። የሕዝቡን የመጠጥ ጕድጓድ መመርመር ሕዝቡ ምን እንደሚጠጣ ለማወቅ ይጠቅማል፥ መቅደምም ያለበት እርሱ ነው። መርዙ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ግን ቢያንስ ሦስት የመመርመሪያ ጕድጓዶች ያስፈልጋሉ፤ እነዚህም በአንድ መስመር ላይ መደርደር የለባቸውም። በሦስት ማዕዘን ተቈፍረው፥ የእያንዳንዱ ቱቦ አፍ ከፍታ በውኃ ልክ መሣሪያ ከተለካ በኋላ፥ ከአፉ እስከ ውኃው ያለው ጥልቀት በአንድ ቀን ሲለካ፥ ውኃው ከየት ወደ የት እንደሚያዘነብል በሒሳብ ይገኛል። በቱቦው አፍ ላይ የሚለካበት ነጥብ በማይጠፋ ቀለም ምልክት ይደረግበት። ዛሬ ከአንዱ ጠርዝ ነገ ከሌላው ጠርዝ የተለካ ቍጥር አቅጣጫውን ሊገለብጠው ይችላል፤ በሜዳ አገር የውኃው ልዩነት አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ሳንቲም ሜትር ብቻ ነውና።

ከጕድጓዶቹ አንደኛው ከመጋዘኑ በላይ፥ ውኃው ከሚመጣበት ወገን መሆን አለበት። ብዙ ሰዎች ይህን ጕድጓድ እንደ ከንቱ ወጪ ይቈጥሩታል፤ በእኛ አስተያየት ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው እርሱ ነው። ውኃው መጋዘኑን ሳይነካ በፊት ምን ይዞ እንደ መጣ የሚናገረው እርሱ ብቻ ነውና። በስምጥ ሸለቆአችን ያለ ብዙ የጕድጓድ ውኃ ከተፈጥሮው ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም የጤና ድርጅት ከመከረው ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር የሚያልፍበት ስፍራ ብዙ ነው። ናይትሬትም ከከብት በረት፣ ከመጸዳጃ ጕድጓድና ከማዳበሪያ ይመጣል። የላይኛው ጕድጓድ ከሌለ ይህ ሁሉ በመጋዘኑ ላይ ይላከካል፤ ወይም የመጋዘኑ ጥፋት በተፈጥሮ ላይ ተላክኮ ይቀራል። በደጋው አገር ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያሻል። ጥቍሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስንጥቅ ስለሚበዛው፥ ውኃው የኮረብታውን ቍልቍለት ትቶ ስንጥቁን ተከትሎ ሊሄድ ይችላል፤ ስለዚህ የሥነ ምድር ባለሙያ ሳያየው «ታችኛው ወገን ይህ ነው» ብሎ በዓይን መወሰን አይገባም።

ስለ ጕድጓዱ አሠራር በአጭሩ እንናገራለን። ጠባብ የፕላስቲክ ቱቦ ይገባል፤ በታችኛው ክፍል ቀጫጭን ቀዳዳ ያለው ሲሆን፥ በዙሪያው የታጠበ አሸዋ ይሞላል፤ ከአሸዋው በላይ ቤንቶናይት የሚባለው ውኃ ሲነካው የሚያብጥ ሸክላ ይደረጋል፤ ከዚያ በላይ በሲሚንቶ ይዘጋል፥ አፉም በቍልፍ ይቈለፋል። ሸክላው ከጐደለ የላይኛው ጐርፍ በቱቦው ጐን ወርዶ፥ መርዙን ራሱ ጕድጓዱ ወደ ውኃው ያወርደዋል። መርዙ በኬሮሲን የተበጠበጠ ከሆነ ኬሮሲኑ በውኃው ላይ ስለሚንሳፈፍ፥ ባለ ቀዳዳው ክፍል የውኃውን ፊት ከላይና ከታች አካቶ መያዝ አለበት።

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳስተው ወደ አቀዳዱ እንመጣለን። በቱቦው ውስጥ ለሳምንታት የቆመ ውኃ የምድሩን ውኃ አይመስልም። አየር ነክቶታል፥ ሊተን የሚችለው ተኖበታል፥ ከቱቦውም ጋር ተዋውቋል። ከእርሱ የተቀዳ ናሙና ስለ ቱቦው እንጂ ስለ ምድሩ አይመሰክርም። ስለዚህ አስቀድሞ የቆመውን ውኃ ማውጣት ያስፈልጋል። የቀድሞው ልማድ በቱቦው ውስጥ ያለውን ውኃ ሦስት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ማውጣት ነበር። የቱቦው ስፋት 5 ሳንቲም ሜትር ቢሆን በየሜትሩ 2 ሊትር ያህል ይይዛል፤ 6 ሜትር ውኃ የቆመበት ቱቦ 12 ሊትር ይሆናል፥ ሦስት እጥፉም 36 ሊትር ነው። ይህ አካሄድ ዛሬም በብዙ ስፍራ አለ። ነገር ግን በችኮላ ሲቀዳ ውኃው ይደፈርሳል፥ ጭቃውም መርዙን ይዞ ይወጣል።

ይህ ነገር በዲዲቲ ላይ በጣም ይከብዳል። ዲዲቲ በውኃ አይሟሟም ለማለት የሚያስደፍር ነው፤ በአንድ ሊትር ውስጥ የሚሟሟው ጥቂት ማይክሮግራም ብቻ ሲሆን፥ አልዲካርብ ግን በአንድ ሊትር 6 ግራም ያህል ይሟሟል። ዲዲቲ ውኃውን ትቶ በአፈሩ ላይ ይጣበቃል። እንግዲህ የደፈረሰ ናሙና ቢላክ በውኃው ውስጥ የሌለ ዲዲቲ ከጭቃው ጋር ተቈጥሮ ሕዝቡን በከንቱ ያስደነግጣል፤ ድፍርሱ ተጣርቶ ቢላክ ደግሞ በእውነት ከውኃው ጋር የሚጓዘው መርዝ በማጥለያው ላይ ይቀርና ሕዝቡን በከንቱ ያጽናናል። ማስተካከያው ቀስ ብሎ መቅዳት ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ1996 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ እንደ ተገለጸው፥ ትንሽ ፓምፕ ከባለ ቀዳዳው ክፍል አጠገብ ወርዶ በደቂቃ ከግማሽ ሊትር ያልበለጠ ይቀዳል፤ የውኃውም ከፍታ ብዙ እንዳይወርድ እየተለካ ይጠበቃል። በየሦስት ወይም በየአምስት ደቂቃው የውኃው ኮምጣጣነት፣ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ኃይሉ፣ በውስጡ ያለው ኦክሲጅንና ድፍርስነቱ ይለካል። ቍጥሮቹ ሦስት ጊዜ ተከታትለው ሳይለወጡ ሲገኙ የምድሩ ውኃ መጥቷል ማለት ነውና፥ ያን ጊዜ ጠርሙሱ ይሞላል። ሥራው ለአንድ ጕድጓድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ሹሙ ፀሐይ መሸ ብሎ ሠራተኛውን ቢያስቸኵለው ለድካሙ ሁሉ ዋጋ አያገኝም።

ወጥቶ የሚፈሰውም ውኃ መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል በበርሜል ይጠራቀም፤ በውኃ ችግር አገር የአካባቢው ሰዎች ለከብቶቻቸው ቢለምኑት እንኳ አይሰጥ። ጕድጓዶቹ የሚቀዱት ንጹሕ ይሆናል ተብሎ ከሚገመተው ተጀምሮ መርዝ ይበዛበታል ወደሚባለው ነው፤ የእጅ ጓንትም በየጕድጓዱ ይለወጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር በቤንዚን የሚሠራ ከሆነ ጢሱ ወደ ጠርሙሱ እንዳይመጣ ነፋስ ከሚሄድበት ወገን ይራቅ። ገመድ በመሬት ላይ አይጐተት።

ጠርሙሱን በሚመለከት ከላቦራቶሪው የመጣው ብቻ ይያዝ። በቤት ታጥቦ የተዘጋጀ የአረቄ ጠርሙስ ወይም ጀሪካን ምንም ያህል ቢያበራ አይሆንም። ለተባይ መርዝ የሚሆነው ቡናማ መስተዋት፥ ክዳኑም በውስጥ ቴፍሎን የተለበጠ ነው፤ ብርሃን አንዳንዱን መርዝ ስለሚያፈርሰውና መርዙም በተራ ፕላስቲክ ላይ ስለሚጣበቅ ነው። እርሳስንና የመሰለውን ብረት ለመመርመር ግን የፕላስቲክ ጠርሙስ ተይዞ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል። የተሞላው ጠርሙስ ወዲያው በበረዶ ሣጥን ገብቶ በ4 ዲግሪ ያህል ይጠበቃል። ለተባይ መርዝ የሚሆነው ናሙና በላቦራቶሪ ሥራው በ7 ቀን ውስጥ እንዲጀመርለት ይፈለጋል፤ ናይትሬት ደግሞ በ48 ሰዓት። መንገዱ ሩቅ በሆነበት አገር ይህ ቀላል አይደለምና፥ በረዶው የሚገኝበት ስፍራና መኪናው የሚነሣበት ሰዓት ከመቅዳት በፊት ይወሰን። መኪናው ካልተገኘ ቀኑን ማስተላለፍ፥ ናሙናውን በግምጃ ቤት ከማሳደር ይሻላል።

በየጠርሙሱ ላይ የጕድጓዱ ቍጥር፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የቀጂው ስም ይጻፍ፤ ሣጥኑም ይታሸግ። ሣጥኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሰጪውም ተቀባዩም በርክክብ ወረቀት ላይ ከነሰዓቱ ይፈርሙ። ነገሩ አንድ ቀን ከዳኛ ፊት ቢደርስ፥ መርዙን ያፈሰሰ ሰው ጠበቃ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይህ ጠርሙስ በእውነት ከዚያ ጕድጓድ የመጣ ነውን?» ብሎ ነው። ከዚህ ጋር ሁለት መፈተኛዎች ይላካሉ። አንደኛው በላቦራቶሪ የተጣራ ንጹሕ ውኃ ሲሆን፥ በጕድጓዱ አጠገብ ወደ ጠርሙስ ተገልብጦ ከሌሎቹ ጋር ይሄዳል፤ በእርሱ ውስጥ መርዝ ከተገኘ ያመጣው ጠርሙሱ ወይም የቀጂው እጅ ነው። ሁለተኛው ከአንዱ ጕድጓድ በሁለት ጠርሙስ ተቀድቶ፥ አንዱ በሌላ ቍጥር ተሰይሞ የሚላክ ነው፤ ሁለቱ እጅግ የተራራቀ ቍጥር ይዘው ቢመጡ፥ ገዢው የሌሎቹንም ቍጥር በጥርጣሬ ሊመለከት ይገባዋል። ከየአሥሩ ናሙና አንዱን እንዲህ ማድረግ የተለመደ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ በማይክሮግራም ተጽፎ ይገኛል። በአንድ ሊትር 1 ማይክሮግራም ማለት 1 ግራም በአንድ ሚሊዮን ሊትር ውኃ ውስጥ ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የመከረው መጠን ለዲዲቲ 1፣ ለሊንዴን 2፣ ለአልዲካርብ 10፣ ለአልድሪንና ለዲልድሪን በአንድነት 0.03 ማይክሮግራም በሊትር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ለእያንዳንዱ የተባይ መርዝ በጠቅላላው 0.1 ብሎ ወስኗል። በወረቀቱ ላይ «አልተገኘም» የሚል ቃል ሲታይ ከመደሰት በፊት አንድ ጥያቄ አለ፤ ላቦራቶሪው ሊያይ የሚችለው ትንሹ መጠን ስንት ነው? መሣሪያው ከ5 ማይክሮግራም በታች የማያይ ከሆነ፥ ስለ ዲዲቲ «አልተገኘም» ማለቱ ለገዢው ምንም አልነገረውም። ስለዚህ ይህ መጠን በውጤቱ ወረቀት ላይ እንዲጻፍ አስቀድሞ በውሉ ውስጥ ይግባ።

ከመጠን ያለፈ መርዝ በመጠጥ ጕድጓድ ሲገኝ፥ ቶሎ ሁለተኛ ናሙና መቅዳትና ለሕዝቡ እውነቱን መንገር ይገባል። ጕድጓዱን በአንድ ቀን አሽጎ መሄድ ግን ችግር ያመጣል፤ ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ፥ የወንዙም ውኃ ሕፃናትን በተቅማጥ ሊገድል ይችላል። ሌላ የሚጠጣ ውኃ በቦቴም ቢሆን ሲቀርብ ያን ጊዜ ጕድጓዱ ይታሸግ። ውኃውን ማፍላትና ክሎሪን መጨመር ለተሕዋስያን የታዘዘ ነው፤ ይህን የመሰለውን መርዝ ያስወግዳል ተብሎ ሊታመንበት አይገባም። በሳፎክ መጠኑ ላለፈባቸው ቤቶች ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ የከሰል ማጣሪያ ተሰጥቶ ነበር፤ እርሱም ከጠገበ በኋላ ስለማይሠራ በየጊዜው መለወጥ አለበት። የምድጃ ከሰል ይህን አያደርግም።

በመጀመሪያው ዓመት ምርመራው አራት ጊዜ ቢደረግ መልካም ነው። ከዚያ በኋላ ቢያንስ ሁለት ጊዜ፥ ማለት ውኃው ዝቅ በሚልበት በበጋው መጨረሻ በግንቦት፥ ደግሞም ክረምቱ ወደ ምድር የሰረገውን ካወረደ በኋላ በጥቅምት ይደረግ። ሁልጊዜ ከዚያው ጕድጓድ፥ በዚያው አቀዳድ፥ ቢቻልም በዚያው ላቦራቶሪ መሆን አለበት፤ አቀዳዱ ከተለወጠ የቍጥሩ መውጣትና መውረድ ከውኃው ይሁን ከእጁ አይታወቅም። መዝገቡና የጕድጓዶቹ ካርታ በመሥሪያ ቤቱ ይቀመጥ፤ ሹሙ ሲለወጥም ከቍልፎቹ ጋር ቈጥሮ ለተተኪው ያስረክብ። ምርመራው አብቅቶ አንድ ጕድጓድ አያስፈልግም ሲባል ቱቦው እንደ ክፍት አይተው፤ ከታች እስከ ላይ በሲሚንቶና በቤንቶናይት ተሞልቶ ይዘጋ፥ የተዘጋበትም ቀን በዚያው መዝገብ ይጻፍ።